ሞተሩን ከመቆሚያው ሳወርድ

የረጠበ ሲሚንቶና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ከመጡብኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ልቤ የሚሄደው አሜሪካ እንደመጣሁ ወደ ሠራሁባት ከተማ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ነው። ሌላው ሰው አበባ አሽትቶ ወጣትነቱን ያስታውሳል አሉ፤ የእኔ ዕጣ ደግሞ ይኼ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሽታው ሲመጣብኝ ግን ተደላድዬ የማስታውስበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት፣ በሞተር ሳይክሌና በአንድ ወፍራም የሲሚንቶ ምሰሶ መካከል ተጣብቄ ቆሜ ነበር። ሞተሩ ዳሌዬ ላይ ተደግፏል፤ እኔ ምሰሶው ላይ ተደግፌያለሁ፤ ግራ እግሬ ከሞተሩ ሥር ገብቶ አልወጣም ብሏል። አልወደቅሁም፣ ግን ንቅንቅ ማለት አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንጻው ማኔጅመንት የመኪና ማቆሚያውን መስመር አዲስ ቀለም ሊያስቀባ ፈልጎ፣ ታች ያለው ሁሉ ከእኩለ ቀን በፊት ይነሳልን አለ። መኪና ያለው መኪናውን አስነስቶ ወጣ። የእኔ ሞተር ግን ብርዱን ሙሉ ባለ ሁለት እግሩ መቆሚያ ላይ ጉብ ብሎ ነው የከረመው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ትልልቅ ሞተር ሁለት ዓይነት መቆሚያ አለው። አንዱ የጎን ነው። በጫማህ ገፋ ታደርገዋለህ፣ ሞተሩ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ያርፍበታል፣ አለቀ። ሌላው ከሆዱ ሥር የሚዘረጋ ሆኖ ሁለት እግር አለው፤ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆምና አንዱን ጎማ ከመሬት ያነሳዋል። እሱ ላይ ማውጣትም ሆነ ከእሱ ማውረድ ሙያ ነው። ጉልበት ነው ብሎ የተነሳ ሰው ወገቡን ይዞ ይመለሳል። ስታወርደው አስቀድመህ የጎኑን መቆሚያ ትዘረጋለህ፣ መሪውን ትይዛለህ፣ ወደ ፊት ገፋ ታደርገዋለህ፣ ጎማው መሬት ሲነካ ፍሬን ነው። እኔ ቅዳሜ ዕለት የጎኑን ሳልዘረጋ ገፋሁት። ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራው ኖሬ፣ ለሰው ሳስተምር ኖሬ፣ ረሳሁት። ሞተሩ ወረደ፣ ወደ እኔ ዘመም አለ፣ እኔም ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ምሰሶው ተቀበለኝ።

ታዲያ ለምን ጮኸህ ሰው አትጠራም ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ከጥቂት ዓመት በፊት ባለቤቴ ትርሲት፣ በቃ ይህን ብረት ሽጥልኝ፣ ዕድሜህን እወቅ እያለች ጠዋት ማታ ስትነዘንዘኝ፣ ነገሩን ለመገላገል ብዬ ማልኩላት። ለብቻዬ ማቆምና ማውረድ ያቃተኝ ዕለት በገዛ እጄ እሸጠዋለሁ፣ ትርሲት ትሙት አልኩ። የእኛ ሰው አፍ መቼም የታወቀ ነው፤ ሲምል የሚጠራው የሚወደውን ነው፣ ደግሞም ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እሷም ሳቀች፣ ነገሩም በዚያው አለፈ። ከዚያ በኋላ ግን የትርሲት የልብ ሰርጀሪ መጣ። ሐኪሙ አስቀድሞ አስጠርቶኝ፣ ልቧን ለጊዜው እናቆመዋለን፣ ሠርተን ስንጨርስ መልሰን እናስነሳዋለን ብሎ ሲነግረኝ፣ ስለ መኪና የሚያወራ ነበር የመሰለኝ። አስፈራኝ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ያቺ መሐላ ትዝ አለችኝ፣ ከዚያ ወዲህም ከደረቴ ላይ አልወረደችም። እና ቅዳሜ ዕለት ማንም ካላየኝ፣ ማንም ካልረዳኝ፣ በራሴ ብልሃት ከወጣሁ፣ አቃተኝ አይባልም። ሰው ከረዳኝ ግን ሞተሩ መሄዱ ነው። ይህን ነበር የማስበው፣ ዳሌዬ እየተጨፈለቀ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የደረጃው በር ተከፈተና ዳዊት ብቅ አለ። ዳዊት ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ ትከሻው በር የሚሞላ የልጆች አባት ነው። አምላክ የላከው ይመስላል። አየኝና እጅ ነሳኝ፤ እንደምን አደሩ ጋሽ መኩሪያ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። ጤናዎስ አለ፤ ደህና፣ ተመስገን አልኩ። እትዬ ትርሲትስ ተሻላቸው ወይ አለ፤ ከቀን ወደ ቀን ደህና ናት፣ ልጆቹስ፣ ባለቤትህስ፣ እናትህስ ከአገር ቤት ደወሉ ወይ እያልኩ እኔ በተራዬ ጠየቅሁት። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ሞተሩንና እኔን አይቶ፣ ምን እየሠሩ ነው አለኝ።

«እያየሁት ነው» አልኩት።

እያየሁት! ላቤ በጆሮዬ ሥር እየወረደ። ዳዊትም ጨዋ ሰው ነው፣ ትልቅ ሰው እያየሁት ነው ካለ እያየው ነው ብሎ፣ ግሩም ሞተር ነው፣ ይበርቱ ብሎኝ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ ብዬ ጭምር ነው የሸኘሁት። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ለፈረንጅ ለማስረዳት ስንት ጊዜ ደክሜያለሁ መሰላችሁ፤ ቅዳሜ ዕለት አንድ ሰው ፎቶ ቢያነሳኝ ይበቃ ነበር።

የመኪናው ድምፅ ራቀ። ሞተሩ ዘንበል ስላለ ከቤንዚን ጋኑ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል፣ ወለሉም ቀለም ሊቀቡት ብለው በውኃ አጥበውት ነበር። ሽታው መጣ። ምን ላድርግ፣ የትም መሄድ አልችልም፤ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ።

ያኔ ኪንግ ስትሪትን ይዞ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ በአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንጻ ሥር ያለ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ያኔ እዚህ አገር የደረሰ ሐበሻ፣ መምህር ይሁን መቶ አለቃ፣ አብዛኛው መጀመሪያ የሚገባው ፓርኪንግ ነው። ቀይ ጃኬት ያለብሱናል፣ ከቢራቢሮ ክራቫት ጋር፤ ከሥር ግን እንደየወረታችን ነበርን፣ ሰፊ ሱሪ ከአገር ቤት ይዞ የመጣም ነበር፣ ጠባብ ጂንስ ለምዶ የሚያነክስም ነበር። ጠጉራችን ጎፈሬ ስለሆነ የአንዳንዱ ዝቅ ያለ መኪና ጣሪያ ይጨፈልቀዋል፣ ከእያንዳንዱ መኪና ስንወርድ በጣታችን እናነሳዋለን። ቤንዚን በጋሎን ከዶላር ብዙም አይርቅም። ጥግ ላይ ያለው ዶናት ቤት ዶናትና ቡና በሳንቲም ይሰጣል፣ ከጎኑ ያለው የስልክ ሳጥን ሁልጊዜ ሰው አለበት፣ ያም ሰው ሁልጊዜ ሐበሻ ነው። ያች ጥግ ላይ ስንቱ ሥራ አገኘ፣ ስንቱ ሚስት አገኘ፣ ስንቱ የአባቱን መርዶ ሰማ። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ የስልክ ሳጥኑ የለም፣ ዶናት ቤቱም የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ሆኗል። ፓርኪንጉ አለ፤ ሰው ግን የለበትም፤ ካርድህን ለማሽን ታሳየውና መግቢያው ላይ የተጋደመው ግንድ ይነሳልሃል።

ትርሲት የዚያ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። መስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ፣ ቢጫ ሸሚዝ ለብሳ፣ ትከሻው ስፖንጅ የተደረገበት የዚያን ጊዜ ሸሚዝ፣ በዚያ አጭር ቁመቷ ላይ ትከሻዋ የወታደር ሆኖ። ከጎኗ ትንሽ ቴፕ አለች። ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ፣ ያም ከሌላ የተቀዳ ስለሆነ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፤ ለእኛ ግን ግጥሙን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አይጠፋምና የጎደለውን እንሞላዋለን። እሷ እዚያ ሳጥን ውስጥ፣ እኔ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳናይ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ሥራዬ ማቆም ነው። ጠዋት የመጣውን አቆማለሁ፣ ማታ የሚሄደውን አስነሳለሁ። ሁሉም ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ እኔ አቁሜ እሸኛለሁ። አንዳንድ ቀን ይህ ሕይወት ሊያልፍ ነው ወይስ በቃ ይኸው ነው እያልኩ እዚያ ግድግዳ ላይ ተደግፌ አለቅሳለሁ፤ ማንም አያይም፣ ሁሉም መኪና ነው።

ካፒቴን የምንለው አሮጌ አሜሪካዊ ደንበኛ ነበረን፤ መርከብ ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ። ጥቁር የጀርመን ሞተር አለው፣ ይኸው አሁን ዳሌዬን የያዘኝ ሞተር። የፓርኪንጉ አለቃ ለሞተር ብሎ የሰጠው ቦታ በግድግዳና በምሰሶ መካከል ጠባብ ስለሆነች፣ ዘንበል ብሎ አይገባባትም፣ ባለ ሁለት እግሩ መቆሚያ ላይ ቀጥ ብሎ ብቻ ነው የሚገባው። የካፒቴን ወገብ ደግሞ ደክሟል። አንድ ጠዋት አቁምልኝ አለኝ። እኔ በሕይወቴ ሞተር ነክቼ አላውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ነውር መሰለኝ። እሺ ብዬ ብረቱን ታቅፌ ስታገል ትርሲት ከሳጥኗ ወጥታ ከፊት ለፊት መብራቱን ይዛ ትገፋልኝ ጀመር። ሞተሩ ሲወዛወዝብኝ ደነገጥኩና «አቁሚ» ብዬ ጮህኩ። መግፋቱን ተይ ማለቴ ነበር። እሷ ሞተሩን አቁሚው ያልኳት መስሏት ባለ በሌለ ኃይሏ ገፋችው፤ እግሬ መርገጫው ላይ ነበርና ሞተሩ ብድግ ብሎ መቆሚያው ላይ ቁጭ አለ። ካፒቴን አጨበጨበ። እኔ፣ ተይ ብዬሽ ነበር እኮ አልኳት፤ አቁሚ ነው ያልከኝ፣ አቆምኩልህ አለችኝ። በእኛ ቋንቋ መተውም ማቆም ነው፣ ቀጥ አድርጎ መትከልም ማቆም ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ቃል እንደተጣላን ነን። በዓመቱ ተጋባን።

ካፒቴን ቀስ እያለ አሠራሩን አሳየኝ። ከግራው ጎን ትቆማለህ፣ ግራ እጅህ መሪው ላይ፣ ቀኝ እጅህ ከወንበሩ ሥር ያለውን እጀታ ይይዛል፣ ቀኝ እግርህ መርገጫውን ይጫናል። የመቆሚያው ሁለት እግሮች መሬት መንካታቸውን ስማ፣ ከዚያ አታንሳው፣ ቁምበት ይለኛል። ክብደትህን ብቻ ስጠው፣ ራሱ ይወጣል። እውነትም ራሱ ይወጣል። ያቺን ሳውቅ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ አንድ ነገር የቻልኩ ሰው ሆንኩ። ሌላው ቀርቶ የአረማመዴ ነገር ተለወጠ ትላለች ትርሲት።

ኋላ ካፒቴን በአውቶቡስ መምጣት ጀመረ። ሞተሩ እኛ ዘንድ ቆሟል። ቆዳ ጃኬቱን ለብሶ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ ይመጣል፣ መቆሚያው ላይ እንዳለ ወንበሩ ላይ ይወጣል፣ ሳያስነሳው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ አመስግኖን በመጣበት አውቶቡስ ይመለሳል። ቆይቶ ለእኔ ሸጠልኝ፤ ሸጠልኝ ማለት እንኳን አይቻልም፣ የአንድ ደህና ካፖርት ዋጋ ነው የተቀበለኝ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ዳግም አላየነውም።

እኔና ትርሲትማ በዚያ ሞተር ነው ሰው የሆንነው ብል ማጋነን አይደለም። ሥራ ስንወጣ ከኋላዬ ትቀመጣለች፣ ሻሿን ከአገጯ ሥር ታስራለች፣ ከዚያ ጉድጓድ ወጥተን ድልድዩ ላይ ስንደርስ የፖቶማክ ወንዝ ከነብርሃኑ ይዘረጋል። የምንኖረው ታኮማ ፓርክ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው፤ በቀጥታ ግን አንሄድም። ፎልስ ቸርች ዘመድ አለን እንላለን፣ ዘመድ የለንም፤ ለመዞር ነው። መብራት ላይ ስንቆም ትርሲት በጆሮዬ ታወራኛለች፣ የጎረቤት መኪና ሰዎች ሁለቱ ሐበሾች ምን ያስቃቸዋል ብለው ያያሉ። አሁን ስንት ዓመት ሆነው ኋላዬ ከተቀመጠች። ቢሆንም በበጋ አንዳንድ ቀን ለብቻዬ ወጥቼ፣ ያንኑ ድልድይ ተሻግሬ፣ ዞሬ እመለሳለሁ። ከዚህ ሌላ ከቤት የሚያስወጣኝ ነገር የለኝም። ስፕሪንግፊልድ ያለችው ልጃችን ቤቷን አሳድሳ፣ ምድር ቤቱን ለእናንተ አዘጋጀሁት፣ ኑ ትለናለች፣ ከእንግሊዝኛዋ መሐል አልፎ አልፎ አማርኛ እየጣለች። ደግ ልጅ ናት። ግን ምድር ቤት ነው። ወጣትነቴን በምድር ቤት ጨረስኩ፣ አሁን በምድር ቤት ተይዣለሁ፣ የቀረውንም በምድር ቤት ጨርስ ነው የምትለኝ። ለሞተሩ ደግሞ ቦታ የለንም አለች። ሞተሩ ከሄደ እኔም ስፕሪንግፊልድ መውረዴ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ምሰሶው ላይ ተጣብቄ የምታገለው።

ብዙ ሞከርኩ። ትንፋሼን ይዤ ገፋሁት፤ ትንሽ ይነሳና ተመልሶ ይመጣል፣ በተመለሰ ቁጥር ቦታዬ ይጠብባል። ልልቀቀው ብል እግሬ ላይ ነው የሚወድቀው። የግራ እግሬ ደንዝዞ የእኔ መሆኑን ከረሳሁ ቆየሁ። ስልኬ እላይ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ቆሜ ልቀር ነው ወይ ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ፈራሁ። ቀለም ቀቢዎቹ መጥተው በስፓኒሽ ሲስቁብኝም ታየኝ።

የደረጃው በር ዳግመኛ ሲከፈት ቀቢዎቹ መሰሉኝ። ትርሲት ነበረች። ኤሌቬተሩ ከጠዋት ጀምሮ አይሠራም፤ እሷ ደግሞ ደረጃ እንዳይታሰብ ተብላለች፣ ሐኪሟ አስጠንቅቋታል። በነጠላ ጫማ፣ ሁለት እጇ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ አንዷን ደረጃ ወርዳ እየቆመች ነው የመጣችው። ታች ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ምሰሶው ላይ፣ ሞተሩ እኔ ላይ።

«እያየሁት ነው» አልኳት፣ ከልምድ።

«እስከ መቼ ነው የምታየው?» አለችኝ።

እሷ ጠበቀችኝ። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፣ መጠበቅ ታውቃለች። ሞተሩንም አየሁት፣ እሷንም አየኋት።

«አልቻልኩም» አልኩ።

ይቺን ቃል ለማንም ተናግሬ የማውቅ አይመስለኝም። ትርሲት ከኪሷ ስልኳን አውጥታ ዳዊትን ኮል አደረገችው። ገና ከሱቅ እየተመለሰ ነበር፣ ቶሎ ደረሰ። በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ የኋላውን ይዞ ሞተሩን ቀና አደረገልኝ፣ እኔ እግሬን አወጣሁ፣ የጎኑን መቆሚያ ዘረጋ፣ አለቀ። ቅድም ምነው ቢነግሩኝ ጋሼ አለኝ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፤ ትቼዎት ሄጄ ምን ይሉኛል እያለ ከእኔ ይልቅ እሱ ተጨነቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አረጋጋሁት። ሞተሩን እየገፋ ወደ ውጭ ይዞልኝ ወጣ።

ሁለታችን ቀረን። ትርሲት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። እያነከስኩ ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩና የማልኩትን አስታወስኳት። በአንቺ ነው የማልኩት፣ አሁን ደግሞ አቃተኝ አልኩ። እሷ ሳቀች።

«ልቤን አቁመውት አልነበር?» አለችኝ። «እኔ እንደሆንኩ አንዴ ሞቼልህ ተመልሻለሁ። መሐላህ እዚያው አልቋል። ሞተርህን ያዝ።»

ደስታዬ ሌላ ነበር። እንደ ልጅ ነው የዘለለው ልቤ፤ ድልድዩም ወንዙም ታየኝ። ከዚያ ዞር ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ነጥቷል። አንድ እጇ ደረቷ ላይ ነው፣ ሳቋን እንኳን በእርጋታ ነው የምትስቀው፣ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ወደ ላይ ደረጃውን አየሁት፤ ከሥር ሲያዩት ረጅም ነው። ነገም ከነገ ወዲያም እኔ እዚህ ስዘገይ ምን እንደምታደርግ አሰብኩ።

«ይሸጥ» አልኳት።

«መሐላው ቀርቷል እያልኩህ?»

«ለመሐላው አይደለም» አልኩ። «ደረጃውን ስለወረድሽ ነው።»